ከኮቦ የሚቀርበው ሸገር ነው ወይስ ባሕሩ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ያፈላ ቁጭ ብሎ ያንብበው፣ የቸኮለ ለማታ ያቆየው።

በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከኮቦ የሚቀርበው አዲስ አበባ ነው ወይስ ቀይ ባሕር? ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አዲስ አበባ!" ይላል። አንዳንዱማ ጥያቄው ራሱ ቀልድ ይመስለዋል። ከዚያ አንዱን ተማሪ አስነስቼ በግድግዳው ካርታ ላይ በማስመሪያ አስለካዋለሁ። አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። አሰብ 350። የጅቡቲዋ ታጁራ እንደዚያው 350 ገደማ። ኤርትራ ውስጥ ከአሰብ በስተሰሜን ያለችው ኢዲ ደግሞ 300 አካባቢ ናት። ክፍሉ ጸጥ ይላል። "ቲቸር ካርታው ልክ ነው?" የሚል አንድ አይጠፋም።

ካርታው ልክ ነው። የዞብል ተራራ ከለለን እንጂ ባሕሩ ጎረቤታችን ነው። ጎሊና እንኳን ክረምት ሲሞላ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ነው። (ባሕር አይደርስም፤ በረሃው ይጠጣዋል። አዋሽም ያን ሁሉ አገር አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በዚያ መስመር ባሕር የሚደርስ ውሃ የለንም፣ የሚደርሰው ሰው ብቻ ነው።)

ይህን ሁሉ የማወራው እኔና አምስት ጓደኞቼ ጉዞ እያቀድን ስለሆነ ነው። በሁለቱ የባሕር ጎረቤቶቻችን፣ በጅቡቲና በኤርትራ፣ የባሕሩን ዳር ይዞ በመኪና መሄድ። ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ ታጁራ፣ ኦቦክ፣ ሙልሁሌ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ራሃይታ፣ አሰብ፣ በይሉል፣ ኢዲ፣ ጢዮ፣ ዙላ፣ ምጽዋ። ሁላችንም መምህራን ነን፤ ማለትም ሁላችንም ደሃ ነን። ዕቅዱን ለሰው ስነግር የማገኘው መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ይስቃል። አንዱ "በዚህ ኑሮ?" ይላል። ሦስተኛው ዝቅ ባለ ድምፅ "ልትጠፋ ነው እንዴ?" ብሎ ይጠይቀኛል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሦስተኛው ነው።

እስቲ አስቡት። ከራያ ቆላ የተነሳ ወጣት "ወደ ጅቡቲ ልሄድ ነው" ሲል እናቱ የምታለቅስበት፣ ጎረቤት ሊሸኝ የሚመጣበት አገር ነው ያለን። ታጁራና ኦቦክ የሚባሉ ስሞችን ክፍል ውስጥ ስጠራ ከእኔ ቀድመው የሚያውቋቸው ልጆች አሉ። ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከደላላ፣ ከወንድም፣ ሌሊት ከሚደወል ስልክ ነው። አንዲት ተማሪ ኦቦክ ካርታው ላይ የት እንዳለ ጠይቄያት ሳታመነታ ጣቷን አስቀመጠችበት። "ወንድሜ ያለፈበት ነው" አለች። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን እንዴት እንደቀጠልኩ አላስታውስም።

የዚህ መንገድ ሒሳብ የታወቀ ነው። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ የሚነሱ ልጆች በአፋር በረሃ አልፈው ጅቡቲ ይገባሉ፤ ብዙው ኦቦክ አካባቢ ካለው ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፤ ከየመን ደግሞ ወደ ሳዑዲ። ኦቦክ ላይ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት መቀበያ ማዕከል ያቋቋመው በከንቱ አይደለም። በ2016 ጎዶሪያ ከሚባለው የኦቦክ ዳርቻ አጠገብ የተገለበጠችው ጀልባ 38 ሰው ይዛ ጠፋች። የተሳፈሩት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ያውም ከየመን እየተመለሱ። ማለትም መከራውን ቀምሰው "ይቅርብን፣ አገራችን ይሻለናል" ያሉ ልጆች ናቸው። ጎዶሪያን በኢንተርኔት ብትፈልጉት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፦ ባሕር ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ደን፣ ወፍ፣ ነጭ አሸዋ። የሌላው ዓለም ሰው በገንዘቡ ሊያየው የሚመጣበት ቦታ ነው።

አንድ ዳርቻ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው የቀረበው እንግዲህ። ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው መሞቻ። የኔ ጥያቄ፦ የኮቦ ልጅ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሁለተኛው የሚሆነው?

"ሀብታም ስላልሆነ ነዋ!" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በየቤታችን እናውቃለን። በሬ ተሽጦ፣ መሬት ተከራይቶ፣ ዘመድ ተበድሮ ነው። በዚያ ገንዘብ ፓስፖርት ወጥቶ፣ በቀን ብርሃን በኬላ ታልፎ፣ ጅቡቲ ታይቶ ይመለሳል፤ ትርፍም ይኖረዋል። በእርግጥ የሚሰደደው ልጅ ሥራ ፍለጋ እንጂ ባሕር ለማየት አይደለም የሚሄደው። አውቃለሁ። የኔ ጉዞ የማንንም ሥራ አጥነት አይፈታም። ነገር ግን አንድ መንገድ የሚታወቀው በደላላ አፍ ብቻ ሲሆን፣ ደላላው የፈለገውን ይናገራል። "ከሎጊያ በኋላ ትንሽ ነው" ይላል። "ባሕሩ የአንድ ሰዓት ነው" ይላል። ልጁ ርቀቱን፣ ሙቀቱን፣ የውሃውን ነገር ከማን ይጠይቅ? አይቶት የተመለሰ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። የተመለሰውም ስለማያወራ የለም ማለት ይቻላል።

ሌላው ነገር የባሕር በር ወሬያችን ነው። ከጥቅምት 2016 ጀምሮ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ፣ ባሕር ማለት የየጠላ ቤቱ ርዕስ ሆኗል። ታኅሣሥ ላይ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በዓመቱ ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተደረገ። አሰብ የማን ናት፣ እንዴት ሄደች፣ እንዴት ትመለስ፤ ሁሉም ተንታኝ ነው። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ስለ አሰብ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚከራከረው ወጣት አሰብን አላየም፣ ጅቡቲንም አላየም፣ ሚሌን እንኳን ያላየ ሞልቷል። ያላየነውን ነገር መውደድ ይቻላል፤ ባላዩት ነገር ሌላውን ወደ ሞት መላክ ግን ከባድ ነው። ቡሬ ግንባር ላይ በ1990 እና በ1992 መካከል የቀሩትን የየሰፈራችንን ልጆች የምታስታውሱ ታላላቆቼ እዚህ ገጽ ላይ አላችሁ። በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ኮቦ ላይ የሆነውን ደግሞ ለማንም መንገር አይጠበቅብኝም። ራያ ጦርነት ምን እንደሆነ ከካርታ ላይ አይደለም የተማረው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ባሕሩን መጀመሪያ በእግራችን እንወቀው። እንደ እንግዳ፣ ፓስፖርት ይዘን፣ ከፍለን በልተን፣ አመስግነን እንመለስ።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልግባ፤ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝም ይህንኑ ነው።

መቼ? መልሱ ለመምህር የተመቸ ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ። ጅቡቲ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው ለሰው የምትሆነው። ክረምት ላይ ረጅም ዕረፍት አለን ብሎ ሐምሌ ላይ መሄድ ዕብደት ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ከበረሃው የሚመጣው ንፋስ ፊት ይጠብሳል። የኮቦ ሙቀት ለምዶኛል የምትሉ፣ ኮቦ እኮ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር በላይ ነው። ሎጊያ ስትደርሱ ኮቦ ደጋ እንደነበረ ይገባችኋል።

በየት? ከኮቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ። ከወልድያ በሐራና በጭፍራ አድርጎ ሚሌ የሚወርድ መንገድ አለ። ሚሌ ላይ ከአዋሽ የሚመጣውን ዋናውን የጅቡቲ መስመር እናገኛለን። ከዚያ ሎጊያና ሰመራ፣ ሰርዶ፣ ዲቼቶ፣ ከዚያ ጋላፊ። ተሳቢውን ታዩታላችሁ፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ የምንለብሰው፣ የምንደውልበት፣ ማሽላችን ላይ የምንበትነው ማዳበሪያ በዚያ አስፋልት ነው የመጣው። ሹፌሮቹ ለኛ ከማንኛውም የጉዞ መጽሐፍ የበለጡ ናቸው። የት ውሃ እንደሚገኝ፣ የት እንደማይታደር፣ የቱ ኬላ እንደሚያቆይ ያውቃሉ።

ስለ ኬላ ካነሳሁ አንድ ነገር ልናገር። የራያ ወጣት በዚያ መስመር ሲሄድ ከአውቶቡስ የሚወርደው መጀመሪያ እሱ ነው። "ወዴት ነህ?" ይባላል። ሊያስመልሱት የሚፈልጉት ለደኅንነቱ ብለው ይሆናል፤ ግን ሰው በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ሲሄድ ፊቱ ላይ "ስደተኛ" ተብሎ ሲነበብበት ደስ አይልም። የመምህርነት መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የት እንደምናድር የሚገልጽ ወረቀት እንይዛለን። ማስረዳት ይቻላል።

እዚህ ላይ የባቡሩን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የየካቲት 2007ን ጉድ ታስታውሳላችሁ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፤ ከመቀሌ በራያ ሜዳ ወርዶ ሐራ ገበያ የሚገናኝ ሌላ ሐዲድ፤ ከሐራ ገበያ ደግሞ በሰመራ አድርጎ ታጁራ ወደብ! በዚያን ጊዜ የማስተምራቸው ልጆች ደብተራቸው ላይ ባቡር ይስሉ ነበር። "ቲቸር፣ ጠዋት ተነስተን ማታ ባሕር ዳር እንገባለን" ይሉኝ ነበር፤ ባሕር ዳር ከተማን ማለታቸው አልነበረም። ታጁራ ወደቡን ሠራ፤ ከታጁራ ወደ ድንበራችን፣ ወደ ባልሆ የሚመጣውንም አስፋልት ጨረሰ። የኛ ሐዲድ ግን ባለበት ቆመ፤ ጦርነቱም ጨመረበት። ባቡር ይስሉ ከነበሩት ልጆች ውስጥ ታጁራን በሌላ መንገድ ያዩ አሉ።

የባሕሩ ጉዞ የሚጀምረው ጅቡቲ ከተማ ላይ ነው። ጅቡቲ ውድ ናት፤ ፍራንካቸው ከዶላር ጋር በ177 ገደማ የታሰረ ነው፣ የኛ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያለበትን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከተማው ላይ አንድ ሌሊት ብቻ። በጭቃ ምድጃ የሚጠበሰውን የየመን ዓሣ ከትልቁ ቂጣ ጋር በልተን እንወጣለን። ቋንቋ አያስቸግርም፤ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ቢሆንም አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፤ ሹፌሮቻችን አስተምረውታል።

ከዚያ መንገዱ ወደ ምዕራብ ተመልሶ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ይሄዳል። ሰዎች ስለዚህ ክፍል ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። በአንድ በኩል ጉቤት የሚባለው የተዘጋ ባሕር፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ወረድ ሲባል አሳል ሐይቅ፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ነጭ ጨው እንደ በረዶ። ምድሪቱ እዚያ እየተሰነጠቀች ነው፤ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስምጥ ሸለቆን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ላስተማርኩ ሰው ይህ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ለመምህራን ጓደኞቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ታጁራ የቆየች ከተማ ናት። የሸዋ ነገሥታት ከውጭ ዓለም የሚገናኙባት በር ነበረች። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ከዚያ ተነስቶ ነው በግመል ቅፍለት አንኮበር የደረሰው፤ ፈረንሳዊው ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ወራት የተጉላላው እዚያው ነው። ጨው ሲወርድ፣ ቡና ሲወጣ የኖረበት መንገድ ነው። ዛሬም ኮቦ ገበያ ላይ ፍየልና ግመል ይዘው የሚመጡትን የአፋር ሽማግሌዎች ብትጠይቁ ታጁራ ዘመድ ያላቸው አሉ። አንዱን አባት ጠይቄያቸው ነበር። "ባሕሩን ያውቁታል?" ብላቸው ሳቁብኝ። "ልጄ እዚያ ነው ያለው። አንተ ነህ የማታውቀው" አሉኝ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወሬ መለዋወጫ አላቸው፤ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው የሰማውንና ያየውን ሳይናገር አያልፍም። ሦስት አገር ላይ የተዘረጋ ሕዝብ ነው። እኛ ስለ ድንበር ስንጨቃጨቅ ዳጉ አሰብ ደርሶ ይመለሳል።

ከታጁራ ኦቦክ። እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረናል። አንዱ "ለምን እናያለን? ልቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?" አለ። እኔ ግን አንድ ሌሊት እናድራለን ባይ ነኝ። ልጆቻችን የሚያልፉበትን ዳርቻ ሳናይ ስለ አሳል ሐይቅ ፎቶ ብንለጥፍ ያሳፍረኛል። ከኦቦክ ወደ ሰሜን ሙልሁሌ ድረስ ቢቻል እንሄዳለን፤ ባብ ኤል መንደብ ላይ የመን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። ስሙ በዓረብኛ የለቅሶ በር ማለት ነው። ስሙን ያወጡት የጥንት መርከበኞች ናቸው፣ እኛን አያውቁንም።

ከዚያ መንገዱ ይቆማል። ሰኔ 2000 ላይ ጅቡቲና ኤርትራ ራስ ዱሜራ ላይ ተታኩሰው ድንበሩ ተዘግቷል፤ የኳታር ሰላም አስከባሪዎች መጥተው በ2009 ወጥተው ሄደዋል። ስለዚህ የዕቅዱ ሁለተኛ ክፍል፣ የኤርትራው፣ ለጊዜው ወረቀት ላይ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬ ሲከፈት የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ፤ የአዲስ ዓመት ዕለት ነበር። ያኔ ተነስተው አሰብ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ሳይቆይ ተዘጋ።

"ታዲያ የማይሆን ነገር ለምን ታቅዳለህ?" ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ካርታውን ሙሉ ስለምፈልገው ነው። አሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 አንድ የጣልያን መርከብ ኩባንያ ከአካባቢው ሱልጣኖች የገዛት መሬት፤ ኋላ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ። በይሉል። ኢዲ፣ ያቺ ከኮቦ 300 ኪሎ ሜትር የማትሞላ የምትመስለው መንደር። ዙላ አጠገብ አዱሊስ፣ አክሱማውያን ዝሆን ጥርስ የጫኑበት ወደብ። ምጽዋ። ከአሰብ ምጽዋ ያለው መንገድ አስፋልት አይደለም፤ ረጅምና ጭር ያለ ነው፤ ስለዚህ ያ ክፍል ሁለት መኪናና ብዙ ውሃ ይፈልጋል ብለን ደብተሩ ላይ ጽፈናል። ድንበር ሰው የሠራው ነው፤ ሲከፈት ማስመሪያ ፍለጋ አንሮጥም።

ስለ ገንዘብ። ስድስት ሆነን ዕቁብ ጀምረናል። የመጀመሪያው ዙር ለፓስፖርት ነው፤ መደበኛው 5 ሺህ ብር ሆኗል፤ ከመምህር ደመወዝ ላይ ምን ያህል እንደሚቆርጥ አስሉት። ቀጣዩ ለትራንስፖርት፣ የመጨረሻው ወደ ዶላር የሚቀየር። በዚህ አካሄድ የሚቀጥለው ዓመት መንፈቅ ይደርሳል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ እሱን ፈጣሪ ያውቃል። የወልድያ መስመር ሲዘጋና ሲከፈት ስንት ጊዜ ቀን እንደቀየርን ቤታችን ያውቃል።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው። ሰመራና ሎጊያ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በጅቡቲ መስመር የምትነዱ፣ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ከሰመራ ጋላፊ የሕዝብ ትራንስፖርት በየስንት ሰዓቱ ነው? ከጅቡቲ ታጁራ በጀልባ ይሻላል ወይስ በመኪና? ኦቦክ ላይ ለስድስት ሰው የሚሆን ማደሪያ የሚያውቅ አለ? በሌላው መንገድ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ፣ በገሃድ መጻፍ ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር አነጋግሩኝ። ስማችሁን አልጠራም። ርቀቱንና የውሃ ቦታውን ብቻ ንገሩኝ፤ ካርታው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ካርታው ደግሞ ክፍል ውስጥ ይሰቀላል።